ቀጠን ያለው ቢራ

«ሺላ! እንዳትደፊው!»

ጊሊያን ከሳሎን ሮጣ ወጥ ቤት ስትደርስ ጎረቤታቸው ሺላ የማርማላታ ብልቃጡን ክዳን ከፍታ እቃ ማጠቢያው ላይ ዘቅዝቃው ነበር። ውስጡ ያለው ዝቃጭ ወፍራም ስለሆነ አልቸኮለም፤ ብልቃጡ አፍ ላይ ደርሶ ተንጠልጥሏል። ጊሊያን ከእጇ ነጥቃ አቆመችውና ክዳኑን መልሳ ገጠመችው።

«ምነው የኔ ልጅ?» አለች ሺላ ደንግጣ። «የተበላሸ ሾርባ እኮ ነው። ያመጣሁትን ፓይ የማስቀምጥበት ቦታ ባጣ ጊዜ…»

«ሾርባ አይደለም። የአባቴ እርሾ ነው።»

«እርሾ? እኔ እኮ አሽትቼዋለሁ።»

«ታዲያ ምን ምን ይላል?»

«ዊልፍ ዊልፍ ይላል» አለች ሺላ። የተናገረችው ለራሷም የገባት ካፏ ከወጣ በኋላ ነው፤ አፏን በመዳፏ ያዘች። ሁለቱም ሳቁ። ሳቁ ሲያልቅ ሺላ እያለቀሰች ነበር። ጊሊያን ብልቃጡን ደረቷ ላይ እንደያዘች ቆማለች።

ፍሪጁ ጢም ብሏል። አባቷ ዊልፍ ባራክላፍ ካረፈ ወዲህ የመንደሩ ሰው ባዶ እጁን አልመጣም። ስስ ስስ ተደርጎ የተቆረጠ የአሳማ ሥጋ፣ የድንችና የሥጋ ፓይ፣ ማንም ያልነካው ክሬም የተቀባ ኬክ። ሐዘኑ ሲያልፍ ሳህኑ ወደ ቤቱ እንዲመለስ በየሳህኑ ቂጥ ላይ የባለቤቱ ስም በፕላስተር ተለጥፏል። ሺላ አፍንጫዋን ጠርጋ ሁለት ፓዮችን አነባበረችና ለብልቃጡ ከእንቁላሎቹ ጎን ቦታ ለቀቀችለት።

ቀብሩ ከሞተ ሦስት ሳምንት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው እንዲሆን ተቀጥሯል። የቀብር አስፈጻሚው «ይቅርታ፣ ከዚህ የቀረበ ቀን አልተገኘም» ሲላት ጊሊያን በልቧ አስልታ «ይበቃል» አለችው። ሰውየው የሚበቃው ምን እንደሆነ አልገባውም። ለቢራ ነበር ያለችው። አንድ ቢራ ተጠምቆ፣ ፈልቶ፣ ጠርቶ ለመቅረብ ያን ያህል ጊዜ ይበቃዋል።

በዚያ ሸለቆ የሚኖር ሽማግሌ ሁሉ ስለ ፌዘርጊል ቢራ የሚያወራው አያጣም። ፋብሪካው ቦዩ ዳር ነበር፤ ብቅል በሚነከርበት ጠዋት ሽታው ትምህርት ቤቱ ድረስ ይወጣ ነበር። ከዚያ አንድ ትልቅ ኩባንያ ገዛው፣ ዘጋው፣ ስሙን ይዞ ሄደ። በዚያ ስም የሚሸጥ ቢራ ዛሬም ሱቅ ውስጥ አለ። የከተማው ሰው ጠርሙሱን ያነሳል፣ ያየዋል፣ ይመልሰዋል።

ዊልፍ የአውቶቡስ ሹፌር ነበር። ፋብሪካው ሊዘጋ ሲል የገዛቸውን ጠርሙሶች ቀስ ብሎ እየቀዳ ከእያንዳንዱ ቂጥ የቀረውን አተላ ሰበሰበ፤ በብቅል ውሃ ቀሰቀሰው። ከዚያ ወዲህ ያ እርሾ ከአንዱ ጠመቃ ወደ ሌላው እየተሸጋገረ ኖረ። ሐሳቡ ቀላል ነበር፤ የፌዘርጊል እርሾ ያለው ሰው የፌዘርጊል ቢራ ይኖረዋል።

ስህተቱም እዚያው ላይ ነበር። ፋብሪካው ቢራውን ወደ ጠርሙስ ከመገልበጡ በፊት የጠመቀበትን እርሾ አጣርቶ ያወጣና በምትኩ ሌላ፣ ጠርሙስ ቂጥ ላይ በደንብ የሚረጋ እርሾ ጠብ ያደርግበት ነበር። ዊልፍ ያሳደገው ያንን ሁለተኛውን ነው። የከተማው የቤት ጠማቂዎች ማኅበር ይህን ያውቃል። ሥራቸው የገበያ ቢራን ቤት ውስጥ አስመስሎ መጥመቅ ስለሆነ እንዲህ ያለ ነገር አያመልጣቸውም። በየወሩ ተሰብስበው ሲቀማመሱ ሊቀ መንበሩ ጎርደን የማይተዋት ቀልድ ነበረችው፦

«ዊልፍ ድመቱ ጠፋችበት። የጎረቤቱን ድመት አቅፎ ገባና ይኸው ዕድሜ ልኩን ዓሣ ያበላታል።»

ከሁሉም በላይ የሚስቀው ዊልፍ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ሳሎኑ ይሞላል። የድሮ ሹፌሮች ይመጣሉ፣ የጸሎት ቤቱ ሴቶች ይመጣሉ፣ ጠማቂዎቹ ይመጣሉ። ጊሊያን ከምትኖርበት ከሊድስ ከመጣች ጀምሮ ሥራዋ ሻይ ማፍላት ሆኗል። በሦስተኛው ቀን ይሁን በአራተኛው፣ ትሪውን ይዛ ከወጥ ቤት ስትመለስ በሩ ገርበብ ብሎ የሬግን ድምፅ ሰማች። ሬግ ከማኅበሩ ነው፤ ሲያንሾካሹክ እንኳ ሌላው ሰው ሲያወራ ከሚሰማው ይበልጥ ይሰማል።

«ለቀብሩ ታዲያ ምን ሊቀርብ ነው?»

«የክሪኬት ክለቡን ይዘዋል። የጸሎት ቤቱ አዳራሽ መጠጥ አያስገባም።»

«እሱንማ አውቃለሁ። መጠጡ የማን ነው ነው የምልህ። የራሱን ጠመቃ እንዳያቀርቡት ብቻ።»

«ኧረ ቀስ በል፣ ትሰማሃለች።»

«ምን አልኩ? ዊልፍን እንደኔ የሚወደው የለም። ነፍሱን ይማረውና፣ ይቺን ፌዘርጊልን አንድም ቀን አላገኛትም። ቅራሪ ነው።»

ጊሊያን በሩን በክርኗ ገፋችው። ከዚያ ገባች። ሬግ ሦስት ስኳር እንደሚወስድ ታውቃለች። ሁለት አደረገችለት።

ጎርደን ሊሄድ ሲነሳ እስከ በሩ ሸኘችው። ጎርደን ጡረታ የወጣ ፖስተኛ ነው፤ የሥጋ ዘመድ ባይሆንም አፏን ከፈታች ጀምሮ አጎቴ ትለዋለች።

«አጎቴ ጎርደን፣ ያንን እርሾ ስጠኝ።»

«የቱን?»

«የፌዘርጊልን። እውነተኛውን።»

ጎርደን ኮቱን አንድ እጁ ላይ እንዳጠለቀ ቀረ። እውነተኛው እርሾ ያለው እሱ ዘንድ ብቻ ነው። ፋብሪካው ሳይዘጋ የመፍያ ክፍሉ ሠራተኞች ለናሙና ልከውት፣ እርሾ በብርድ የሚያስቀምጥ ቤት ውስጥ ተኝቶ ሲኖር፣ ጎርደን ደብዳቤ ጽፎ አስመጣው። የማኅበሩን ዋንጫ የወሰደበትም እሱ ነው።

«ለአባትሽ ስንት ጊዜ ልስጥህ ብዬው! ‹አመሰግናለሁ፣ የራሴ አለኝ› ነው መልሱ።»

«አሁን የምጠይቅህ እኔ ነኝ። ለቀብሩ የሚቀርበው እውነተኛው ፌዘርጊል ይሆናል፤ በርሜሉ ላይ የአባቴ ስም ይጻፍበታል። ከዚያ ሬግ ጠጥቶ አላገኘውም ይበል እስቲ።»

«ሰምተሻል ማለት ነው።»

«ጎዳናው ሁሉ ሰምቷል።»

ጎርደን ሁለተኛውን እጁን ኮቱ ውስጥ አስገባ። «ድፍድፉን በስንት ዲግሪ ልታደርጊው?»

«በስልሳ ስምንት።»

«እሰይ!» አለ። «ከዚህ ቤት ይቺ ቁጥር ስትወጣ ሳልሰማ ልሞት ነው ብዬ ነበር።»

በዚህ ቁጥር አባትና ልጅ ብዙ ተነታርከውበታል። ጊሊያን ትንሽ ልጅ ሳለች ዊልፍ ጋራዡ ውስጥ ባለ በርጩማ ላይ ያቆማትና የተፈጨ ብቅል ያስቆረጥማት ነበር። ብቅሉን የሚነክረው ለሽርሽር ምግብ መያዣ በተሠራ ሰማያዊ ማቀዝቀዣ ሣጥን ውስጥ ነው፤ ቀዝቃዛን የሚጠብቅ ሙቅንም ይጠብቃል ብሎ። ድፍድፉን እያማሰለ፣ ቴርሞሜትሩን እሷ እንድትይዝ እየሰጣት ያስረዳታል።

«ውሃው ቀዝቀዝ ካለ ብቅሉ ስኳሩን ሁሉ ለእርሾው በሚመች መልክ ይሰጠዋል። እርሾው ጠራርጎ ይበላና ቢራው ደረቅ፣ ቀጠን ያለ ይሆናል። ውሃው ሞቅ ካለ ግን እርሾ የማይበላው ስኳር ይቀራል። ቢራው ይወፍራል፣ ጣፈጥ ይላል።»

ፌዘርጊል ወፍራም ነበር። ይህን ሁሉም ያውቃል። ዊልፍ ግን ድፍድፉን ስልሳ አምስት ላይ ያደርገዋል፤ በዚያ ላይ ያ የጠርሙስ እርሾ ሆዳም ነው፣ ያገኘውን አይምርም። ጊሊያን አድጋ፣ ሊድስ ገብታ፣ በራሷ ቤት መጥመቅ ስትጀምር ስህተቱ በየት በኩል እንደሆነ ገባት። በየእሑዱ ስትደውል ወሬው መጨረሻው እሱ ነበር።

«አባዬ፣ እርሾውን እንኳ ባትቀይር ሙቀቱን ከፍ አድርገው። ስልሳ ስምንት። ትንሽ ሥጋ ያወጣል።»

«እሺ ልጄ።»

«እሺ ነው፣ ወይስ እሺ ልጄ?»

«ልዩነቱ ምንድን ነው?»

«እሺ ልጄ ስትል አታደርገውም።»

«እሺ ልጄ።»

እናቷ ኦድሪ እዚህ ክርክር ውስጥ ገብታ አታውቅም። እሑድ ምሳ ላይ ግማሽ ብርጭቆዋ ይቀዳላታል፣ እየተጫወተች ትጨርሰዋለች፣ ብርጭቆውን ራሷ አጥባ ትሰቅለዋለች። እሷ ከሞተች በኋላም ዊልፍ ያንኑ ቢራ፣ በዚያው እርሾ፣ በዚያው ሙቀት መጥመቁን ቀጠለ። ጊሊያን እርጅና ነው አለች። ሰው ሲያረጅ የለመደውን ስህተት እንኳ መተው ይከብደዋል ብላ አዘነችለት።

ቅዳሜ ጠዋት የጋራዡን በር ከፈቱት። ጎርደን እርሾውን በቴርሞስ ይዞ መጣ፤ መኪና ውስጥ እንዳይናወጥ ጭኑ ላይ አድርጎት ስለነበር የነዳችለት ሚስቱ ናት። ውሃው የሚፈላው ዊልፍ ከጸሎት ቤቱ የጨረታ ሽያጭ ባመጣው ትልቅ የሻይ ማፍያ ነው። ቢራ ይፈላበታል ብለው ቢያውቁ አይሸጡለትም ነበር።

ጊሊያን ውሃውን ሰማያዊው ሣጥን ውስጥ ለቀቀች፣ ብቅሉን ቀስ እያለች ጨመረች፣ ጓጓላው እስኪጠፋ በእንጨቱ መቅዘፊያ አማሰለች። ቴርሞሜትሩን አጠለቀች። ስልሳ ስምንት።

«እጅሽ ይባረክ» አለ ጎርደን። «ክደኚው።»

ክዳኑን ልታነሳ ስትል የሆነ ሰው በሩ ላይ ቆሞ አየች። ስታን ነበር፤ ከወጣትነቱ ፋብሪካው እስከተዘጋበት ቀን ድረስ የፌዘርጊል መፍያ ክፍል ውስጥ የሠራው ሽማግሌ። የእሑድ ኮቱን ለብሷል፣ ቆቡን በእጁ ይዟል።

«ቤታችሁ ልመጣ ስል ሽታው ወደዚህ ሳበኝ» አለ። «ለቅጽበት ዊልፍ ያለ መሰለኝ። አይዞሽ የኔ ልጅ።»

ጊሊያን እጇን በሽርጧ ጠርጋ ጨበጠችው። ስታን ሣጥኑን አየ፣ ቴርሞሜትሩን አየ፣ የጎርደንን ቴርሞስ ክዳኑን ከፍቶ አሸተተው።

«ይሄ የኛ እርሾ ነው።»

«አዎ» አለች ጊሊያን። «ለአባቴ አንድ ጊዜ እንኳ እውነተኛውን ላደርግለት ነው። ሳያገኘው ሞተ እንዲባል አልፈልግም።»

ስታን ቆቡን በእጆቹ አዟዟረው። ከዚያ «እሱማ አግኝቶታል» አለ።

«ምኑን?»

«ይሄንኑ። በዚህ እርሾ፣ በዚህ ሙቀት።»

«ከየት አምጥቶ?» ብሎ ጎርደን ከበርጩማው ተነሳ። «ከኔ በቀር ያለው ሰው የለም!»

«ካንተው ነዋ። ዋንጫውን ያሸነፍክ ጊዜ ለሁላችንም አንድ አንድ ጠርሙስ አልሰጠኸንም? ዊልፍ የሱን ጠጥቶ ከቂጡ የቀረውን አተላ ሰበሰበው። አንተ መቼም እንደ ፋብሪካው ማጣሪያ የለህ።»

ጎርደን ተመልሶ ተቀመጠ።

«መጥተህ ቅመስልኝ አለኝ» አለ ስታን፤ ሲናገር የሚያየው ጊሊያንን ነው። «እዚህችው ነበር የተቀመጥነው። ሦስት ብርጭቆ ቀዳ፤ ለኔ፣ ለራሱ፣ ለእናትሽ። ጠጣሁት። ምን ብዬ ልንገርሽ… መፍያ ክፍሉ ውስጥ የቆምኩ መሰለኝ። አረፋው እስከ ክርኔ የነካኝ መሰለኝ። አባትሽ ፊት ፊቴን ያየኛል። ‹አገኘሁት?› አለኝ። በአዎንታ ራሴን ነቀነቅሁለት። ይሄ» አለ በአገጩ ጎርደንን እያመለከተ፣ «የሱ ጥሩ ነው። የዊልፍ ግን ራሱ ነበር።»

«እናቴስ?»

ስታን ፈገግ አለ። «ኦድሪ አንዴ ፉት አለችለት። ‹ጎበዝ ዊልፍ፣ ራሱ ነው› አለች። ከዚያ ብርጭቆውን አስቀመጠችውና፣ ‹በል አሁን የኔን አምጣልኝ› አለችው።»

«የኔን?»

«ያንን ቀጠን ያለውን። ፌዘርጊል እኮ ድሮም ይከብዳት ነበር፤ መጠጥ ቤት ስትመጣ ለስላሳ ታስቀላቅልበት አልነበር? ዊልፍ ተሳስቶ የሠራው ነው የተስማማት። እሱ ደግሞ ያን ሁሉ ዘመን የሚያስተካክለው ለሷ ብሎ! የተዋወቁ ቀን የጠጡት ፌዘርጊል ነበራ። ትወደው እንደሆን አንድ ቀን ጠይቋት አያውቅም። ያን ቀን ገባው። ሁለቱም እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ከዚያ ወዲያ ፌዘርጊልን ጠምቆ አያውቅም። የሚጠምቀው የሷን ነበር።»

ማፍያው ትንሽ ተንሾካሸከና ጸጥ አለ።

«እኛ ደግሞ እየሳቅንበት» አለ ጎርደን።

«ምን ችግር አለው። እሱም ይስቅ ነበር።»

«ምናለ ቢነግረኝ?»

«ጠይቄዋለሁ። ‹ጎርደን ዋንጫውን ጭኑ ላይ አስቀምጦ በኔ አውቶቡስ ሲሄድ ብታየው› አለኝ። ‹ከደስታው ብዛት ቤቱን ሦስት ፌርማታ አልፎ ወረደ። እኔ ኦድሪ ራሱ ነው ካለችኝ ሌላ ምን ዋንጫ እፈልጋለሁ?›»

ጎርደን በጣቶቹ ቆጠረ።

«አራት ነው» አለ። «አራት ፌርማታ ነው ያለፈኝ።»

ጊሊያን በሐሳቧ የእሑዱን ጠረጴዛ ነበር የምታየው። እናቷ ግማሽ ብርጭቆዋን ይዛ፣ አባቷ ከማዶ ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ እሺ ልጄ ሲል። ታዝንለት የነበረው ሰውዬ አልነበረም። የፈለገውን አግኝቶ፣ ጠጥቶ አረጋግጦ፣ አስቀምጦት የሄደ ሰው ነበር፤ ለማንም ሳይናገር። ደረቷ ውስጥ አንድ ነገር ቀጥ ብሎ ተነሳ። ከሞተ ጀምሮ ያልነበረ ነገር ነው፤ ኩራት መሆኑን ለማወቅ ትንሽ ጊዜ ወሰደባት።

«ቀዝቃዛ ውሃ» አለች።

«ምን?» አለ ጎርደን።

«ያንን ማንቆርቆሪያ ከቧንቧው ሙላልኝ።»

ጎርደን አልተነቃነቀም። «ጊል፣ አስቢበት። የሚመጣው ሰው ሁሉ የሚያውቀው ፌዘርጊልን ነው። ቀጥኖ ካገኙት በቀብሩ ቀን እንኳ አልሆነለትም ይላሉ። አንቺው ነሽ ይሄን አልፈልግም ያልሽኝ።»

«አውቃለሁ።»

«የምታደርጊው ከሆነ ደግሞ አሁን ነው። ትንሽ ከዘገየ ብቅሉ ሥራውን ይጨርሳል።»

ወደ ሣጥኑ አየች። በስልሳ ስምንት የተቀመጠው ድፍድፍ የሬግን አፍ ያስይዛል። ለአባቷ ልታደርግለት የፈለገችው ይህን ነበር፤ አሁንም ትፈልገዋለች። ግን ፌዘርጊልን ጎርደንም ይሠራዋል፣ ነገ ደግሞ ሌላ ሰው ይሠራዋል። ያኛውን የሚሠራ ሰው ግን አባቷ ከሞተ ወዲህ የለም። ከሷ በቀር።

«ይበሉ» አለች። «ውሃውን ስጠኝ።»

ውሃውን የሰጣት ስታን ነው። ቀጭን አድርጋ እያንጠባጠበች አማሰለች። ጎርደን በግድም ቢሆን ጎንበስ ብሎ ቴርሞሜትሩን ያነብላት ጀመር፤ ስልሳ ሰባት፣ ስልሳ ስድስት፣ ቀስ በይ፣ በቃ፣ በቃ! ስልሳ አምስት። ክዳኑን ገጠመች፤ አባቷ ያደርግ እንደነበረው ሣጥኑን በአሮጌ የመኝታ ከረጢት ጠቀለለችው። ቀኑ ሲገፋ፣ ጭማቂው ተጠልሎ ከጌሾው ጋር ፈልቶ ሲበርድ፣ ፍሪጁ ዘንድ ሄዳ ፓዮቹን ገፋ ገፋ አድርጋ ብልቃጡን አወጣች።

ጎርደን የራሱን ቴርሞስ ከደነና ብብቱ ሥር ወተፈው። «በይ» አለ፣ «ለጎረቤት ድመት ዓሣዋን ስጫት።»

በማግስቱ ጠዋት ከአልጋዋ ሳትወርድ የአረንጓዴ ፖም የመሰለ ሽታ መጣባት። ጋራዡ ውስጥ አረፋው ቢራው ከሚብላላበት ባልዲ ጠርዝ በላይ ተቆልሎ ጠበቃት። እንግዶች እየቀነሱ ሄዱ፣ ሳህኖቹ አንድ በአንድ ወደ ባለቤቶቻቸው ተመለሱ። ቢራው ግን ራሱን ችሎ ሠራ፣ ረጋ፣ ጠራ።

የቀብሩ ቀን ዝናብ ነበር። ከሥርዓቱ በኋላ ሰው ሁሉ ጃንጥላውን እያራገፈ ወደ ክሪኬት ክለቡ ገባ። የጸሎት ቤቱ ሴቶች ሳንድዊቹን በሦስት ማዕዘን ቆርጠው ደርድረውታል፤ ከበርሜሉ ርቀው ቢቆሙም ሺላ ብቻ ብርጭቆ ይዛ በመካከላቸው ትታያለች። በርሜሉ ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ በሽብልቅ ተደግፎ ተጋድሟል። ጎርደን ቧንቧው ዘንድ ቆሞ ይቀዳል።

ከጠማቂዎቹ መጀመሪያ የወሰደው ሬግ ነበር። ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሳው፤ ማር የመሰለ፣ የጠራ ነው። አሸተተ። ፉት አለ። አይኑን ጨፈነ። አዳራሹ ውስጥ ያሉ የማኅበሩ ሰዎች ሁሉ አፉን ያዩታል።

«ያው ዊልፍ ነው!» አለ ሬግ፤ በፍቅር ነው ያለው። «ነፍሱን ይማረው፣ ዛሬም አላገኘውም!»

ሳቅ ሆነ። ሞቅ ያለ፣ የሐዘን ቀን ሳቅ። ጊሊያን እስኪያልቅ ጠበቀች።

«አግኝቶት ነበር፣ ሬግ» አለች።

ድምፅዋ ትልቅ አልነበረም፤ ግን ሁሉም ዞረ።

«ፌዘርጊልን አንድ ጊዜ ጠመቀው፤ ሠራው፤ ስታን ጠጥቶታል።»

ስታን ከወንበሩ ሳይነሳ ቆቡን ከፍ አደረገ። «ራሱ ነበር» አለ።

«ከኔም ይበልጥ ነበር» አለ ጎርደን ከቧንቧው ዘንድ፣ ለጥርስ ሐኪም አፉን እንደከፈተ ሰው ቃሉን እየታገለ። «እንደዚያ ነው የሚሉት። ዋንጫዋን አምጣ እንዳትሉኝ ብቻ።»

«አሁን የያዝከው ግን ፌዘርጊል አይደለም» አለች ጊሊያን። «ሊሆንም አልተጠመቀም። እናቴ ወፍራም ቢራ አትወድም ነበር። አባቴ ይሄንን የሚጠምቀው ለሷ ነው። ዕድሜ ልኩን ስታነጻጽሩት የኖራችሁት ከሌላ ነገር ጋር ነው።»

ሬግ ብርጭቆውን እንደ አዲስ አየው። በዚህኛው ጊዜ ፉት አላለም፤ ጠጣ። ግማሽ ድረስ ወረደ። ከንፈሩን በምላሱ ዳሰሰ፣ የሆነ ቦታ የሚያውቀውን ሰው በስሙ ለመጥራት እንደሚያስብ ቆየ።

«ይሄማ» አለ፣ «ይሄማ ጥሩ ቢራ ነው።»

«አዎ» አለች ጊሊያን።

«እንደዚህ ደረቅ ያለ… ሰው ሁለተኛ የሚያሰኘው።» የቀረውን ጨለጠና ባዶውን ለጎርደን ዘረጋ። «ድገመኝ እስቲ።»

ከኋላው ሰልፍ ሆነ። ሹፌሮቹ መጡ፣ የክሪኬቱ ልጆች መጡ፤ ከጸሎት ቤቱ ሴቶች አንዷ ለባሏ ነው ብላ ወሰደችና ጥግ ላይ ቀመሰችው። ዊልፍን እያነሱ ጠጡ። በክረምት ጭር ባለው ፌርማታ ላይ አርጅታ የማትሮጠውን ሴት ቆሞ እንደሚጠብቅ፣ ዘፈን ሲዘፍን ዜማው እንደሚጠፋው። ጊሊያን ከሰው ወደ ሰው እየዞረች ሰማች፤ አንገቷ ቀና እንዳለ ነበር።

ከዚያ ቧንቧው ቀጠነ። ጎርደን የሚቀዳው ብርጭቆ ግማሽ ሳይሞላ ፍሰቱ ወደ ጠብታ ወረደ። በርሜሉ ውስጥ ጥሩ ቢራ ገና አለ፤ ግን ከቧንቧው አፍ በታች ነው። ይህን ጊዜ አንድ ሰው ከኋላ ያነሳዋል። ከፈጠነ አተላው ይነሳና የቀረው ሁሉ ይደፈርሳል፤ መሃል ላይ ቢያወርደውም እንደዚያው ነው። ያነሳ ሰው ቢራው እስኪያልቅ ይዞ ይቆማል።

ጎርደን እጅጌውን ሰብስቦ ወደ ኋላ ሊዞር ሲል ጊሊያን ክንዱን ያዘች።

«አንተ ቅዳ» አለችው።

ከጠረጴዛው ኋላ ዞረች። ሁለት እጆቿን ከበርሜሉ ሥር አስገባች። እንጨቱ ቀዝቃዛ፣ እርጥብ ነበር። ሆስፒታል ውስጥ፣ በመጨረሻዎቹ ቀናት፣ ውሃ ልታጠጣው አንገቱን ስትደግፈው እንደነበረው፣ ሳትቸኩል፣ ጥቂት በጥቂት ቀና አደረገችው። ቧንቧው እንደገና ሞላ። የወረደው ቢራ የጠራ ነበር።

ሬግ ብርጭቆውን አቀረበ፣ ከሱ በኋላ ሌላው፣ ከዚያም ሌላው። ክንዶቿ መንቀጥቀጥ ጀመሩ።

«ልያዝልሽ የኔ ልጅ?» አለ ስታን ከጎኗ ደርሶ።

ጊሊያን እምቢ በማለት ራሷን ነቀነቀች። ጉንጯን በርሜሉ ላይ አስደግፋ፣ የሚወርደውን ድምፅ እየሰማች፣ እንዳነሳችው ቆየች።